ደቦ ያልነበሩት አሥራ አንድ እሁዶች

እኔ አንድ በሽታ አለብኝ፤ ያየሁትን ሳልጽፍ ማደር አልችልም። እናቴ «ይቺ ልጅ የምትሞት ቀን እንኳ ሰዓቱን ጽፋ ነው የምትሞተው» ትላለች። በአካውንቲንግ ዲፕሎማዬን ይዤ ቦንጋ ውስጥ ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቼ ከተቀመጥኩ በኋላ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ የቡና ማድረቂያ ጣቢያ በመዝጋቢነት ያስቀጠረኝም ይኸው በሽታዬ ነው። ባለቤቱ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ ለሙከራ ብለው አንድ ቀን ሚዛኑ አጠገብ አስቀመጡኝ። ማታ መዝገቡን ሲያገላብጡ የገባውን ቡና ኪሎ ብቻ ሳይሆን ዝናቡ የጀመረበትንና ያባራበትን ሰዓት ጭምር ጽፌ አገኙ። ሳቁና «በይ ነገ ነይ» አሉኝ።

የጣቢያው ሥራ ላላየው ቀላል ይመስላል። ገበሬው እሸት ቡናውን ያመጣል፣ ይመዘናል፣ ከመሬት ከፍ ተደርጎ በእንጨትና በሽቦ በተሠራ አልጋ ላይ ይሰጣል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ በእጅ ሲያገላብጡት፣ የተበላሸውን ሲለቅሙለት፣ ዝናብ ሲመጣ ሮጠው ሲያለብሱት መዋል ነው። ይህን የሚሠሩት አሥራ አራት ሴቶች ነበሩ። ከእነሱ አንዷን የማንኪራዋ እንላታለን፤ ስሟን ከኔ መዝገብ በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ማንኪራ ቡናው ጫካ ውስጥ የሚገኝበት፣ መንገዱም በአብዛኛው የእግር የሆነ መንደር ነው። በሥራ ቀን ቦንጋ ዘመዷ ቤት ታድራለች። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሠርተን ስንለቅ ወደ መንደሯ ትወጣለች፣ እሁድ ጠዋት ቸርች ትሄዳለች፣ ከቸርች ስትመለስ የራሷን ቡና ትለቅማለች፣ ሰኞ በማለዳ ተመልሳ አልጋዋ አጠገብ ትቆማለች። ባሏ ሞቷል፣ ሁለት ልጆች ታስተምራለች። እሁድ ለእሷ የራሷን ሥራ የምትሠራባት አንዲት ቀን ነበረች። ይህን ያኔ አላውቅም ነበር። ጠይቄም አላውቅም፤ አለመጠየቄ ዛሬም ያናድደኛል።

የመጀመሪያው እሁድ የመጣው በኅዳር ነው። በዚያ ሳምንት ቡናው ከአቅማችን በላይ ገባ፣ ሰማዩም ያለወትሮው ከበደ። ቅዳሜ ቀትር ላይ ጋሼ ሁላችንንም ሰብስበው «ልጆች፣ ቡናው ሊሻግትብኝ ነው። ነገ ደቦ ውጡልኝ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው» አሉ። ጋሼ ክፉ ሰው አይደሉም፤ አባታቸው ገበሬ ነበሩ፣ በደቦ ሲታረስ እያዩ ነው ያደጉት።

ማንም አልቀረም። ጋሼም ሱሪያቸውን ሰብስበው ከኛ ጋር ሲያገላብጡ ዋሉ። በግ ታረደ። ሴቶቹ በካፊኖኖ ቋንቋ እየተቀባበሉ ዘፈኑ፣ እኔም ግጥሙ ባይገባኝ እያጨበጨብኩ ተከተልኩ። ማታ ቤቴ ስገባ «እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት አለ እንዴ!» ብዬ ለእናቴ አወራሁላት።

በሁለተኛው እሁድም ደቦ ተባለ። በግ አልነበረም፤ ቆጮ በጎመን በላን። በአራተኛው ዳቦ በሻይ ሆነ። ወደ ጥምቀት ግድም ቆሎ ብቻ ቀረ፣ ዘፈኑም ከበጉ ጋር የቀረ ይመስለኛል። ጋሼም ጠዋት ብቅ ብለው «በርቱ» ብለው ይሄዳሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ የካቲት መጀመሪያ አሥራ ሁለት እሁድ ተሠራ። «አልመጣም» ያለች ሴት የለችም። ደቦ ተጠርቶ መቅረት ነውር ነው፤ ለደቦ ገንዘብ መጠየቅ ደግሞ የባሰ ነውር ነው። የኛ ሰው በዚህ ነው የሚሳሳተው፤ ጉልበቱን ሊሰጥ ይችላል፣ ስሙን ግን ለሐሜት አይሰጥም።

ጋሼ መጀመሪያውኑ «ይቺን በደመወዝ መዝገቡ ላይ እንዳትጽፊያት፣ ደቦ ናት» ብለውኝ ነበር። እሺ አልኩ። በሽታዬ ግን መች ያስችለኛል! መዝገቡን ገልብጬ ከጀርባው በኩል ጻፍኩት፤ ከላይ «ደቦ»፣ ከሥር ቀኑ፣ የአሥራ አራቱ ሴቶች ስም፣ የገቡበትና የወጡበት ሰዓት።

በሚያዝያ፣ ሥራው አልቆ ሴቶቹ ከተሰናበቱ በኋላ፣ የማንኪራዋ ወደ ቢሮዬ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን አስተካከለች።

«የእሁዶቹስ?» አለችኝ።

«የምን እሁዶች?»

«የሠራንባቸው።»

ያፈርኩት እኔ ነኝ። «ኧረ እትዬ፣ ደቦ አልነበር እንዴ! ለደቦ ይከፈላል?» አልኳት፣ ትንሽም ቆጣ ብዬ። አልተቆጣችም። ወንበሩ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠችና ቡናዋ እንደረገፈ ነገረችኝ። ልጆቿ ቅርብ ቅርቡን ለቅመዋል፤ የቀረው ግን በዛፉ ላይ ቀልቶ፣ ጠቁሮ፣ መሬት ላይ ወደቀ። ግማሹን ዝንጀሮ በላው። የልጆቿ የዓመት ወጪ እሱ ነበር። «እኔ እዚህ የሰው ቡና አገላብጣለሁ፣ የኔ እዚያ መሬት ላይ ይበሰብሳል» አለች። አላለቀሰችም። እኔ መዝገቡን ገልብጬ እሁዶቹን መቁጠር ጀመርኩ።

በማግስቱ ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ይዣት ሄድኩ። ባለሙያው አዋጁን ከመሳቢያው አውጥቶ ያነበበልን ነገር እኔ በዲፕሎማዬ የማላውቀው ነበር። በሳምንት እረፍት ቀኑ የሠራ ሰው የመደበኛ ሰዓቱን ክፍያ ሁለት እጥፍ ያገኛል። ክሱ የዳኝነት ክፍያ የለበትም። ሠራተኛን ስለከሰሰ ወይም ስለመሰከረ ብቻ ማባረር አይቻልም፤ ይህን ሲል ዞር ብሎ እኔን አየኝ። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን የመጨረሻው ነው፦ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ ከስድስት ወር ካለፈ በሕግ ይታገዳል። በጣቴ ቆጠርኩ። የኅዳሩ ሊሞላ አንድ ወር እንኳ አልቀረውም። «እትዬ፣ ዛሬውኑ!» ብዬ እጇን ያዝኩ። ስለ ራሴ አንድም ጊዜ አላሰብኩም፤ ወደዚህ ኋላ እመለሳለሁ።

ባለሙያው ጋሼን ጠርቶ ሊያስማማ ሞከረ። ጋሼ «ደቦ ነው፤ መዝገቡ ራሱ ከጀርባው ደቦ ይላል» ብለው ሄዱ። ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ክሱ ሲጻፍ አሥራ ሁለት እሁድ አልኩ፤ እሷ «አሥራ አንድ በይ» አለችኝ። ቆጠራ የተሳሳተች መስሎኝ ወሩን እየጠራሁ በጣቷ አስቆጠርኳት። በትዕግሥት አብራኝ ቆጠረችና፣ አሥራ ሁለት ላይ ስንደርስ «አሥራ አንድ በይ» አለች። ግትር ናት ብዬ ተናድጄ ጻፍኩላት።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ጋሼ መዝገቡን እንዲያቀርቡ ታዘዘ፣ እኔም በምስክርነት ተቆጠርኩ። እስከ ሁለተኛው ቀጠሮ ድረስ እንዴት እንደሠራሁ አላውቅም። ደመወዜ ቤታችንን የሚያኖር ነው። ጋሼ ቢሮዬ በገቡ ቁጥር መዝገብ ላይ አቀረቅር ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ጋሼ መዝገቡን በደስታ ነው ይዘው የገቡት፤ «ደቦ» የሚለው ጽሑፍ ነጻ የሚያወጣቸው መስሏቸዋል። ዳኛው ወጣት ናቸው፣ ከኔ ብዙም አይበልጡም። ገጹን ገልብጠው ለረጅም ጊዜ አዩትና እኔን ጠሩኝ።

«ጽሑፉ ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ሰዓቱንም አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ። ሲገቡም ሲወጡም ቆሜ እያየሁ ነው የጻፍኩት።»

«ደቦ ብለሽ የጻፍሽው ግን በምን ምክንያት ነው?»

«ጋሼ ብለውኝ ነው» አልኩ፤ ከዚያ ውሸት እንዳይሆንብኝ «እኔም መስሎኝ ነበር» ብዬ ጨመርኩ። ጋሼን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ዳኛው ወደ ከሳሿ ዞሩ። አስተርጓሚ ትፈልግ እንደሆነ ጠየቋት። አማርኛዬ ይበቃኛል አለች።

«መዝገቡ ላይ አሥራ ሁለት እሁድ አለ። ክስዎ አሥራ አንድ ይላል። ቆጠራ ተሳስተው ነው?»

«አልተሳሳትኩም ጌታዬ። የመጀመሪያው ደቦ ነው። ቡናቸው ሊበላሽ ነበር፣ ጠሩን፣ ወደን መጣን። እሳቸውም አብረውን ሠሩ። እሱን አልጠይቅም።»

ዳኛው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። እኔ በጣቷ ያስቆጠርኳት ትዝ አለኝና መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ጋሼ ተነሡ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ የቀሩትም እንደ መጀመሪያው ናቸው። አብልቻለሁ፣ አጠጥቻለሁ። ደቦ ደመወዝ የለውም። የአገሩ ወግ ነው፣ እሷም ታውቀዋለች።»

«አውቀዋለሁ» አለች የማንኪራዋ። ቃል ስትፈልግ ትንሽ እያረፈች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ ተናገረች። «ደቦ ብድር ነው። ዛሬ እኔ እወጣለታለሁ፣ ነገ እሱ ይወጣልኛል። አሥራ አንድ እሁድ የጋሼ ቡና ላይ ቆሜ የኔ ቡና ረገፈ። ደቦ ነው ካሉ እሺ፣ ገንዘቡ ይቅር። አሥራ አንድ ቀን እኔ ማሳ ላይ ይውጡልኝ።»

ዳኛው ጋሼን «ማሳቸው የት እንደሆነ ያውቃሉ?» ብለው ጠየቁ።

«ማንኪራ ነው ሲባል ሰምቻለሁ።»

«ማንኪራ የት ጋ?»

ጋሼ ላባቸውን በመሐረብ ጠረጉ። አያውቁትም። ስሟንም የሚያውቁት ከመጥሪያው ላይ አንብበው ነው።

እኔ አዋጁን ሦስት ጊዜ አንብቤላታለሁ፣ አንቀጽ እየጠቀስኩ ያስጠናኋት ሳይቀር አለ። እሷ ግን ከዚያ ሁሉ አንዱንም አላነሣችም። ጋሼ ራሳቸው ባነሡት ወግ ነው የያዘቻቸው፣ ያውም ሳትሰድብ፣ ያውም አንዱን እሁድ መርቃ። የተማርኩት እኔ መሆኔን እያሰብኩ፣ ሰው እንዲህም ማሰብ ይችላል እንዴ አልኩ። እስከዚያ ቀን አንቺ እላት ነበር፤ እንደ ቀን ሠራተኛ። ከዚያ ችሎት ስንወጣ አፌ ራሱ አንቱ አለ። ከዚህ በኋላ እትዬና እሳቸው እያልኩ ነው የምጽፈው።

ውሳኔው የዚያኑ ቀን ከሰዓት ተነበበ። በአሠሪው ጥሪ፣ በአሠሪው ቦታ፣ መግቢያና መውጫ ሰዓት ተይዞበት በየሳምንቱ የተሠራ ሥራ የትርፍ ሰዓት ሥራ ነው፤ የአሥራ አንዱ እሁድ በእረፍት ቀን ስሌት ይከፈል ተባለ። እትዬ እጃቸውን አጣምረው ሰሙና ለዳኛው ጎንበስ አሉ።

በር ላይ ጋሼ ጠበቁኝ። «አንቺ ልጅ፣ ያንን ሰዓት ምን ልሁን ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

«ጋሼ፣ እኔ ዝናቡንም እጽፍ ነበርኮ» አልኩ። ሊስቁ ይሁን ሊቆጡ ሳይለይላቸው፣ እትዬ መጥተው አጠገባችን ቆሙ።

«ጋሼ» አሉ፣ «አሥራ አንዱ አለቀ። ያቺ አንዷ ግን ደቦ ናት። መስከረም ላይ ምንጣሮ እጠራለሁ።»

ጋሼ መዝገባቸውን ታቅፈው ሄዱ።

አላባረሩኝም። አንድ ወር ያህል ግን ሰላምታዬን በአገጫቸው ነበር የሚመልሱት። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቢሮዬ ገብተው «የቀሩትንም ሴቶች ጥሪያቸው። እንደ ዝርዝሩ ይከፈል፣ ሁሉም እየመጣ ፍርድ ቤት አያቁመኝ» አሉ። ደስታዬ ወሰን አጣ። አሥራ ሦስቱን ሴቶች አንድ በአንድ አስፈርሜ ከፈልኩ። አንዷ ሳመችኝ። የመጨረሻዋ ስትወጣ ዝርዝሩን ለመዝጋት ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ እኔ የለሁም። አሥራ ሁለቱንም እሁድ ከሁሉም ቀድሜ ገብቼ ከሁሉም በኋላ ነበር የምወጣው። የሁሉን ሰዓት ስጽፍ የራሴን አልጻፍኩም። የመጨረሻዋ እሁድ እንኳ ስድስት ወር ሞልቷት ነበር፤ የሴቶቹም እንዲሁ፣ ጋሼ ግን ገደቡን ሳያውቁ ነው የከፈሉት። ሄጄ ለጋሼ ልንገራቸው ብዬ ተነሣሁ፣ ፊታቸውን አስቤ ተቀመጥኩ።

በመስከረም ወር በአንድ ዓርብ ጋሼ ወደ ቢሮዬ ብቅ አሉና፣ መስኮቱን እያዩ «የዚያች የማንኪራዋ ሙሉ ስም ማን ነበር?» አሉኝ። ነገርኳቸው። በብጣሽ ወረቀት ጻፉት። ለምን እንደሆነ የገባኝ በማግስቱ ነው። ማንኪራ ገብቶ የማንኪራዋ ቤት የት ነው ብሎ መጠየቅ አይቻልም፤ እዚያ ሁሉም የማንኪራ ነው።

እትዬ ለምንጣሮው ጠርተውኝ እኔ ማንኪራ ቀድሜ ደርሼ ነበር። ጎረቤቶቹ በየቡናው ሥር ያደገውን ቁጥቋጦ በገጀራ ይመነጥራሉ፤ መሬቱ ጭቃ፣ ጫካው ጨለም ያለ ነው። ረፋዱ ላይ ጋሼ ብቻቸውን፣ ቦት ጫማ አድርገው፣ አዲስ ገጀራ ይዘው ከቁልቁለቱ ብቅ አሉ። ሰዉ ሥራውን አቆመ። እትዬ ብቻ አላቆሙም፤ «ጋሼ፣ በዚህ በኩል ይያዙ» ብለው መስመር ሰጧቸው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መነጠሩ። እጃቸው ውኃ ቋጠረ። ቆጮው ሲቀርብ እትዬ መጀመሪያ ያቀረቡት ለእሳቸው ነው፣ ቆመውም አበሏቸው፣ ኋላም ከዚያው ሳህን አብረው በሉ።

«ተመለሰ?» አሉ ጋሼ።

«ተመለሰ» አሉ እትዬ። ብድር በምድር ይባላል፤ ከአንድ ሳህን ሲበሉ ግን አይቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ? የስንት እሁድ ተከፈለሽ?»

«እኔ ዝርዝሩ ላይ የለሁም» አልኩ።

«እንዴት?»

«ጸሐፊዋ እኔ ነኛ።»

«አሁን አትጠይቂም?»

«ስድስት ወሩ አልፏል።»

ጋሼ ሰምተዋል። ቆጮውን አስቀምጠው የቆሰለ እጃቸውን ያዩ ጀመር። እኔም ከእሳቸው ምንም አልጠበቅኩም።

እትዬ ግን አሰቡ። ሲያስቡ ልክ እንደ ችሎቱ ቀን ትንሽ ያርፋሉ። «ሕጉ አልፎብሻል» አሉኝ። «እኔ ዘንድ ግን ያላለፈ አለሽ። ቢሮ አንድ ቀን፣ ፍርድ ቤት ሁለት ቀን። ሦስት ቀን ወጥተሽልኛል።»

«ኧረ እትዬ፣ እሱማ…»

«ቤታችሁ ምን ሥራ አለ?»

እናቴ ከጓሮ ያላት እንሰት አረም ውጦት ነበር። እትዬ መጡ። ሦስት ቀን ሙሉ፣ በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ደርሰው፣ አረሙ እስኪያልቅ ሠሩ። እናቴ ልትከፍላቸው እጇን ወደ መቀነቷ ብትሰድ በዓይናቸው ከለከሏት። በሦስተኛው ቀን እጃቸውን ቧንቧው ሥር ታጥበው «አለቀ» አሉኝ፣ ወደ ማንኪራም ሄዱ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ እስኪሰወሩ አየቻቸውና «ይቺን ሴት ከየት አገኘሻት?» አለችኝ።

ኅዳር ተመልሶ መጣ፣ ቡናውም ከአቅም በላይ ገባ። ጋሼ ቅዳሜ ቀትር ላይ ሰበሰቡንና «ነገ የሚሠራ ይመዝገብ፤ በሁለት እጥፍ ነው» አሉ። አምስት ሴቶች ተመዘገቡ። እትዬ «የራሴ ቡና ደርሷል» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ፤ ማንም ነውር ነው አላላቸውም። እሁድ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ፣ መዝገቡን ከፊት በኩል ከፈትኩ። በመጀመሪያው መስመር ላይ የራሴን ስምና የገባሁበትን ሰዓት ጻፍኩ፤ ዝናቡን ከዚያ በኋላ።